ያልተቈጠሩ ዛፎቻችን

የአንድ አገር ታሪክ በነገሥታት ስምና በጦር ሜዳ ውሎ ብቻ የሚነገር አይደለም። ሰው የተከለው፣ ያጠጣው፣ ያጠረውና ለልጁ ያወረሰው ዛፍም ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ የጻፈልን ሰው ጥቂት ነው፤ የሚተክል ሰው ብዙውን ጊዜ አይጽፍም፣ የሚጽፍም ሰው ብዙውን ጊዜ አይተክልምና።

የጽሑፍ ማኅበራችን ባለፈው ክረምት ዝናቡ ከራኩባ አላስወጣ ሲለን ሦስት እሑዶች በዚሁ ጉዳይ ላይ ተነጋገረ። በአራተኛውም ሰንበት ጭቃው ጠጠር ሲል ጥቂቶቻችን ከሰፈሩ በስተምሥራቅ ወዳለው ኾር ወርደን፣ የቆሙትን ዛፎችና የተቈረጡትን ጉቶዎች አይተን ተመለስን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንግግርና የዚያ ጉብኝት ፍሬ ነው። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዘመን የአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የመጀመሪያው ንግግር ገና ሳይጀመር አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ «ማገዶ አጥተን ሽሮ ማንተክተክ ባቃተን ጊዜ ስለ ንጉሥ አትክልት ምን ያወራናል?» ሲል ጠየቀ። ቀጥሎም፣ «ደግሞስ እዚህ ዛፍ የሚተክል ሰው አገሩን የረሳ ሰው ነው» አለ። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። በበኩሌ ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው እላለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ለሁለቱም በታሪክ በኩል መልስ ይገኝ እንደሆነ ለመፈተሽ ነው።

፩. ሰፈርና ከተማ

በመሠረቱ «ከተማ» የሚለው ቃላችን የድንጋይ ቤትና ሰፊ ጎዳና ማለት አልነበረም። ከተመ ማለት ጕዞውን አቁሞ ሰፈረ ማለት ነው። ከ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ ጎንደር እስከ ተቈረቈረችበት ጊዜ ድረስ የኢትዮጵያ ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት በድንኳን ነው። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቈየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያን የድንኳን ከተማ በዝርዝር ገልጾታል፤ ንጉሡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው፣ ማድ ቤቱ፣ ግራና ቀኙ እያንዳንዱ የታወቀ ቦታ ነበረው። «ሰፈር» የሚለውም ቃል ከዚሁ ከጕዞ ሕይወት የመጣ ነው። በአዲስ አበባ ብዙዎቹ ሰፈሮች በመኳንንት ስም የሚጠሩት ጭፍሮቻቸው በየጌታቸው ዙሪያ ስለ ሰፈሩ ነው። እኛም ዛሬ ይህን የሸራና የሣር መንደር «ሰፈር» እያልን ስንጠራው፣ ሳናውቀው የአያቶቻችንን ቃል በትክክለኛ ትርጕሙ መጠቀማችን ነው።

ያ የድንኳን ከተማ የሚነሣው በጦርነት ምክንያት ብቻ አልነበረም። ብዙ ሺሕ ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲከርም የአካባቢው እህል ያልቃል፤ ማገዶውም ይራቈታል። ስለዚህ የማገዶ እጦት አዲስ ነገር አይደለም፤ ነገሥታትን ያሰደደ አሮጌ ችግር ነው።

በዚያ ዘመን መጨረሻ ላይ ዐፄ ሱስንዮስ (የነገሡት ከ1607 እስከ 1632) ከጎንደር በስተደቡብ በምትገኘው አዘዞ ላይ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ግቢ አሠሩ። በግንብ የታጠረ አትክልት፣ የውኃ ገንዳና በገንዳው ላይ የመዝናኛ ቤት ነበረው። ሥራው የተካሄደው በ1620ዎቹ፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በቤተ መንግሥቱ ተሰሚነት በነበራቸው ጊዜ ነው። ሱስንዮስ በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለቀቁ፤ ሚሲዮናውያኑም ተባረሩ። በእኛ ዘመን የስፔን የታሪክ ቁፋሮ ሊቃውንት አዘዞ ላይ ቈፍረው የግቢውን ቅሪት ገልጠዋል። አትክልቱ የለም፤ ስሙ ግን አልጠፋም። ገነት ማለት አትክልት ማለት ነውና፣ ንጉሡ ካለፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እንኳ ቦታው በአትክልቱ ይጠራል።

ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 ገደማ ቈረቈሩ። የፋሲል ግቢ ዙሪያውን 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር የታጠረ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በቀሃ ወንዝ አጠገብ በትውፊት በስማቸው የሚጠራው መዋኛ ይገኛል። ለጥምቀት ውኃው ከቀሃ በቦይ እየተመራ ይሞላል። በዙሪያው ያሉት ትልልቅ ዛፎች ሥራቸውን በቅጥሩ ድንጋይ መካከል አስገብተው ግንቡን አቅፈው ይዘውታል፤ ግንቡ ዛፉን ይደግፍ ወይስ ዛፉ ግንቡን ለማለት ያስቸግራል። ዩኔስኮ በ1979 የፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህንን መዋኛና የእቴጌ ምንትዋብን ቍስቋም ጨምሮ ነው። ይኸውም የሚጠበቀው ግንቡ ብቻ ሳይሆን ግንቡ የቆመበት መሬት፣ ውኃውና ዛፉ ጭምር መሆኑን ያሳያል።

፪. እሳት የተሻገረበት መንገድ

ከጎንደር በጭልጋ በኩል ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ አብዛኞቻችን በእግራችን እናውቀዋለን። ይህ መንገድ የቡና፣ የጥጥ፣ የዕጣንና፣ እውነቱን ለመናገር፣ የባሪያም ንግድ መንገድ ነበር። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በራስ አል ፊል በኩል ወደ ሱዳን የወረደው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ዛሬ የገዳሪፍ ግዛት በሆነው አገር ውስጥ በነበረችው ጠያዋም ሹሙ ይዞ አጕላልቶታል፤ መንገደኛ በዚህ ድንበር ላይ መያዙ እንግዲህ ከእኛ አልጀመረም።

በዚህ መንገድ እሳትም ተመላልሶበታል። በጥር 1887 የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ከጎጃም ወርዶ ገላባትን አጠፋ። በዓመቱ፣ በጥር 1888፣ የደርቡሾቹ አዝማች አቡ አንጃ ደንቢያ ላይ ሳር ውኃ በተባለው ቦታ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ። ቍስቋምም በዚያ ጊዜ ነደደች። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ የአገሬው ሰው ሲተርክ ንብ ከግቢዋ ወጥቶ ጠላትን መለሰ ይላል። ከዚያም መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቈስለው በማግሥቱ ዐረፉ።

ይህን የማነሣው የቂም ሒሳብ ለመተሳሰብ አይደለም። በሁለቱም ወገን የነደደው የሰው ቤትና የሰው ጓሮ ነበር፤ የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ስንት ሺሕ ወታደር እንደ ወደቀ ሲጽፉ ስንት ሎሚ፣ ስንት ጌሾ እንደ ነደደ አልጻፉም። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። መንደራችን ሲጠፋ የሞተው ሰው ስም ቢያንስ በለቅሶ ይነሣል፤ ዛፉ ግን ለቀስተኛ የለውም።

፫. የደብር ጥላ

ሁለተኛው ንግግር ስለ ደብር ዛፍ ነበር። በጎንደርም ሆነ በጎጃም ከሩቅ የታየ ጥቍር ደን፣ በዙሪያው እርሻና ግጦሽ ሆኖ፣ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ በሌላው ቦታ ተመንጥሮ ሲያልቅ በደብሩ ቅጥር ውስጥ ቀርቷል። የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተዋል። ካስተማሩንም ነገር አንዱ ደኑ በዝምታ ሊጠፋ እንደሚችል ነው። ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ሳለ ከብት ገብቶ ችግኙን ይበላል፤ ደኑ ሽማግሌ ብቻ ያለበት ቤት ይሆናል፤ ሽማግሌው ሲወድቅ ቤቱ ይዘጋል። ስለዚህ በአንዳንድ ደብር ገበሬው ከእርሻው ድንጋይ እየለቀመ በደኑ ዙሪያ ካብ ካበ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ዳነ። አንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ሰጠ ማለት ነው።

ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ብሩስ ኮሶን ሥሎ ለአውሮፓ ሊቃውንት አስተዋውቋል፤ ዛፉ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለመንደሩ ጥቅም ተብሎ እንደሚተከልም ጽፏል። እንግዲህ የደብር ዛፍ ለጸሎት ጥላ ብቻ አልነበረም፤ የመንደሩ የመድኃኒት ቤትም ነበር። ንጉሥ ያላዘዘው፣ መሐንዲስ ያልነደፈው፣ ሕዝብ በእምነቱና በፍርሃቱ የጠበቀው አትክልት ነው። የአዘዞው ገነት ከንጉሡ ጋር ሲፈርስ የደብሩ ገነት የቆየበት ምክንያት በበኩሌ ይህ ይመስለኛል፤ ባለቤቱ አንድ ሰው አልነበረም።

፬. ማገዶ ያቆማት መዲና

ለወጣቱ የመጀመሪያ ጥያቄ የሚበጅ ታሪክ ግን ከሸዋ ተገኘ። አዲስ አበባ በ1886 ከተቈረቈረች በኋላ ጥቂት ዓመታት ሳይቈይ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለቤትና ለማገዶ ተመንጥሮ አለቀ። ዐፄ ምኒልክም እንደ ቀድሞዎቹ ነገሥታት ከተማውን ሊያነሡ አስበው በ1900 ገደማ ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም በተባለው ቦታ ሕንጻ አስጀመሩ። ይሁን እንጂ በ1890ዎቹ አጋማሽ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አደገ። ተቈርጦ እንደገና ያቈጠቁጣል፤ ማገዶም ግድግዳም ይሆናል። መዲናይቱ ባለችበት ቀረች፤ ለአዲስ ዓለም የታሰበው ሕንጻም የቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለዘመናት ሲነሣና ሲተከል የኖረውን ድንኳን መሬት ላይ የቸነከረው ባሕር ዛፍ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ባሕር ዛፍ ውኃ እንደሚጠጣና ከሥሩ እህል እንደማያበቅል ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ እዚህ እንትከለው ማለቴ አይደለም። ማለት የፈለግሁት የማገዶ ጉዳይ ከታሪክ ውጭ እንዳልሆነ ነው። ወደ ኾሩ በወረድን ጊዜ ያየነው ጉቶ ብዙው የጠልህ ነው፤ ጠልህ የግራር ወገን ሲሆን የሱዳን ሴቶች ለጢስ የሚጠቀሙበት ዛፍ ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በገዳሪፍ ዋልካ ሜዳ ላይ የትራክተር እርሻ ተስፋፍቶ የማሽላና የሰሊጥ ማሳ ደኑን ከእኛ በፊት ገፍቶታል። የቀረውን ደግሞ እኛ እየቈረጥን ነው። የአካባቢው ሰው ፊቱን ሲያጠቁርብን «እንግዳ ይጠላል» እያልን እናማለን፤ ነገር ግን በእኛ ደብር ገብቶ ወይራ የቈረጠ እንግዳ ምን ይደርስበት እንደነበር ማሰብ ይገባናል።

፭. ውኃው ከእኛ በፊት መጥቷል

ሦስተኛው ንግግር ስለዚሁ ስላለንበት አገር ነበር። ከጎንደር ምዕራብ የሚነሣው ጓንግ መተማን አልፎ አትባራ ይባላል። ተከዜ ድንበሩን ሲሻገር ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ጋር ይገናኛል። ሽንፋ እዚህ ረሃድ ነው። መረብ ደግሞ ጋሽ ተብሎ ወደ ከሰላ ይወርድና በክረምት ወራት ብቻ ፈስሶ በረሃ ውስጥ ይሰርጋል። የከሰላ አትክልቶች፣ አገሬው ሰዋጊ የሚላቸው፣ ብርቱካኑ፣ ሙዙና ትርንጎው የሚጠጡት ጋሽ ወደ መሬት ያሰረገውን ውኃ ከጕድጓድ እየሳቡ ነው። ስለዚህ ከሰላ ገበያ ላይ የተገዛ ብርቱካን ከመረብ ማዶ ለመጣ ሰው ባዕድ ፍሬ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የኑቢያ ሰዎች ታሪክ ነው። ግብጽ የአስዋንን ታላቅ ግድብ ስትሠራ ውኃው ወደ ሱዳን ተኝቶ ዋዲ ሐልፋንና በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮች አሰጠመ። ከ1964 መጀመሪያ አንሥቶ 50 ሺሕ ያህል ሰው በባቡር ተጭኖ ወደ ምሥራቅ ሱዳን፣ ወደ ኻሽም አል ጊርባ መጣ፤ የሰፈሩበት ቦታ አዲስ ሐልፋ ተባለ። እርሻቸው የሚጠጣው በዚያው ዓመት ተሠርቶ ካለቀው ግድብ ነው፤ ግድቡ የሚሞላው ደግሞ በጓንግና በተከዜ ውኃ ነው። የእኛም አፈር አብሮ ወርዶ የግድቡን ሆድ ከግማሽ በላይ ደፍኖታል።

እነዚህ ሰዎች ጥለውት የመጡት ከፍተኛ ሀብት የተምር ዛፍ ነበር። በኑቢያ ልማድ አንድ ተምር የአንድ ሰው ላይሆን ይችላል፤ መሬቱን የሰጠ፣ ችግኙን የተከለ፣ ውኃ ያጠጣ ሁሉ ድርሻ አለው፤ ድርሻውም ለልጅ ልጅ ይከፋፈላል። ከመነሣታቸው በፊት ግን መንግሥት ቤቱንና የተምሩን ዛፍ አስቈጠረ። የዚያን ጊዜ የወረዳው አስተዳዳሪ የነበሩት ሐሰን ደፍአላህ ሥራውን በ1975 በታተመ መጽሐፋቸው አስረድተዋል። ባለ ተምሮቹ ለዛፋቸው ካሣ ታሰበላቸው። ካሣው ልባቸውን ሞልቷል ለማለት አልደፍርም፤ የአባት ተምር በገንዘብ አይተመንም። ቢሆንም ዛፋቸው ተቈጥሯል፤ በወረቀት ላይ አለ። ውኃ ቢበላውም ነበረ ተብሎ ተጽፏል።

የእኛን ማን ቈጠረው?

፮. መዝገቡ

ይህ ጥያቄ ሲነሣ ራኩባው ጸጥ አለ። ጸጥታውን የሰበሩት ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። «እኔ ልቍጠር» አሉ። ቈጠሩም። ከበሩ በስተግራ ጤና አዳም፣ በስተቀኝ በሶብላ። ከጓዳው ጀርባ 14 እግር ጌሾ። ጎመኑና ቃሪያው አመድ በሚደፋበት በኩል፣ አመዱ መሬቱን ስለሚያወፍረው። አማታቸው የተከሉት አንድ ሎሚ። ዳማከሴ ከአጥሩ ሥር፣ ለብርድ ሕመም ጎረቤት ሁሉ እየመጣ የሚቀጥፈው። ከጎረቤት የሚያዋስን ቍልቋል፤ በወሰኑ ጫፍ ላይ አንድ ዋንዛ።

በዚህ ጊዜ ከዚያው መንደር የመጡ አንድ አባት፣ «እማማ፣ ዋንዛው እንኳ ከእኛ በኩል ነው» አሉ። እናትየውም፣ «ሥሩ ከእናንተ ነው፣ ጥላው ግን ከእኛ» ብለው መለሱ። ሰው ሳቀ፤ ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ሁለቱንም ቃል ሳንቀላቅል እንዳለ ጻፍነው። ዳኛ አይደለንም፤ የእኛ ሥራ ቃሉን መጠበቅ ነው።

ለምን እንደሚጠቅም ላስረዳ። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወዲህ በኢትዮጵያ የገጠር መሬት የግል ሀብት አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ነገር ግን ያው አንቀጽ ሰው በጕልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሠራው ቋሚ ንብረትና ላደረገው መሻሻል መብት እንዳለው ይደነግጋል። የተተከለ ዛፍ እንዲህ ካለው ሥራ የሚቈጠር ነው። አንድ ቀን ወደ ቀያችን ስንመለስ ቤቱ ፈርሶ፣ አጥሩ ነድዶ፣ ወሰኑ ታርሶ ልናገኘው እንችላለን። ያን ጊዜ «እዚህ ነበርኩ» ለማለት የሚቀረን ምስክር የሎሚው ጉቶና የቍልቋሉ መስመር ሊሆን ይችላል። ምስክሩ እንዲታመን ደግሞ ቃሉ ከጠብ በፊት፣ ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ፣ ጎረቤት በሰማበት ሊጻፍ ይገባዋል።

ስለዚህ ማኅበሩ አንድ ደብተር ከፍቷል። ጻፊው መጀመሪያ የተቃወመው ወጣት ነው፤ ሐሳቡን ስለ ለወጠ ሳይሆን የእጅ ጽሑፉ ከሁላችን ስለሚነበብ ነው። እስከ ዛሬ የ31 ጓሮ ዝርዝር አስፍሯል። «ያለፈውን መጻፍ እሺ፤ እዚህ መትከልን ግን አልቀበልም» እንዳለ ነው። እናትየው ደግሞ ከውኃ ቦቴው ሥር በሚንጠባጠበው ርጥበት ላይ ሁለት ኒም ተክለው ዙሪያውን በእሾህ አጥረዋል። «አገሬን ረስቼ አይደለም፤ ከእኔ ቀጥሎ እዚህ የሚሰለፍ ሰው ጥላ ያግኝ ብዬ ነው» አሉ። የድንኳን ነገሥታት ነቅለው ሲሄዱ ባዶ መሬት ትተው ነበር፤ እርሳቸው ግን ሲሄዱ የሚተዉት ነገር እንዲኖር ፈልገዋል። በሁለቱ መካከል ማኅበሩ ፍርድ አልሰጠም። እኔም አልሰጥም፤ አንባቢ ይፍረድ።

የምንለምነው ይህን ብቻ ነው። ያለህ ወገን ሆይ፣ ያለሽም እኅት፣ ወደ ራኩባው ስትመጡ የመንደራችሁን ስም፣ በጓሮአችሁ የነበረውን ተክል፣ ማን እንደተከለውና ከማን ጓሮ ጋር እንደሚዋሰን አስባችሁ ኑ። ከጎረቤታችሁ አንድ ሰው ይዛችሁ ብትመጡ የበለጠ ነው፤ ባትስማሙም ችግር የለም፣ ሁለቱንም እንጽፋለን። ወረቀት አጥሮናልና በተቻለ መጠን አሳጥሩ። ደብተሩ ሲሞላ በሁለት ቅጂ ይገለበጣል፤ አንዱ ከዚህ ይቀመጣል፣ ሌላው መጀመሪያ ከሚመለሰው ሰው ጋር ይሄዳል።